ዕዳው ይከፈላል፤ ውሸቱስ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ «ክሊራንስ አለህ?»፣ ማለትም የመንግሥትን ምስጢር ለማየት ፈቃድ አለህ ወይ፣ የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ከሆነ ሰንብቷል። ኮምፒውተር ተምሮ፣ ዜግነት ይዞ፣ ለፔንታጎን ወይም ለሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሚሠራ ድርጅት ለመቀጠር የሚሞክር ወጣት ጥቂት አይደለም። ሥራው የመንግሥትን ምስጢር የሚነካ ከሆነ ደግሞ ዲግሪና ልምድ ብቻቸውን አያስገቡም፤ ሰውዬው እምነት የሚጣልበት መሆኑ ይመረመራል። የሚከተለው ምልልስ በአንዲት አክስትና በወንድማቸው ልጅ መካከል የሚደረግ ነው። አክስቲቱ የክሊራንስ ጉዳይ በሚይዝ የጠበቃ ቢሮ ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። ወጣቱ የኔትወርክ ባለሙያ ሲሆን ፎርሙን ሞልቶ መርማሪ እየጠበቀ ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣት፦ እትዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ምክር ፈልጌ ነው። ቶፕ ሴክረት ክሊራንስ የሚጠይቅ ሥራ አግኝቼ ፎርሙን ልኬያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መርማሪ ያነጋግረኛል። እንቅልፍ የነሳኝ የገንዘቡ ክፍል ነው። ወንጀል የለብኝም፣ መጠጥ አላበዛም፣ ዕፅ ነክቼ አላውቅም። የእኔ ዕዳ ከአገር ምስጢር ጋር ምን ያገናኘዋል?

አክስት፦ የሚያገናኘውን ያስተማሩት አገራቸውን የሸጡ ሰዎች ናቸው። በ1967 መገባደጃ ላይ ጆን ዎከር የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ገብቶ የምስጢር መልእክት መፍቻ ቁልፎችን ሸጠ። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የከፈተው መጠጥ ቤት አክስሮት ዕዳ ውስጥ ነበር። የተያዘው በሜይ 1985 ነው። ከመያዙ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ አልድሪክ ኤምስ የተባለ የሲአይኤ ሰው እዚያው ኤምባሲ ገባ። እሱም ፍቺና ከአቅሙ በላይ የሆነ ኑሮ ዕዳ አስገብተውት ነበርና መጀመሪያ የጠየቀው 50 ሺህ ዶላር ነው። ኋላ ላይ ያገኘው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ስማቸውን አሳልፎ ከሰጣቸው የአሜሪካ ምንጮች ብዙዎቹ ተገደሉ።

ወጣት፦ እንደዚያ ከሆነ ግን ኤምስ ገንዘቡን ሲቀበል ዕዳውን ከፍሎ ንጹሕ ሰው መስሏል ማለት ነው። ዕዳ የሚፈልግ መርማሪ ምንም አያገኝበትም።

አክስት፦ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ክሊራንስ የሚሰጥበት መመሪያ ዕዳን ብቻ ሳይሆን ምንጩ የማይታወቅ ሀብትንም የሚጠይቀው። ኤምስ አርሊንግተን ውስጥ የ540 ሺህ ዶላር ቤት ያለ ባንክ ብድር ገዝቶ፣ ጃጓር እየነዳ፣ «የባለቤቴ ቤተሰብ ባለጠጋ ነው» እያለ ለዓመታት አልፏል። የተያዘው በ1994 ነው። በዓመቱ፣ በኦገስት 1995፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን 12968 ቁጥር የተሰጠውን ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ ምስጢር የሚያይ ሰው የገንዘብ መዝገቡ እንዲታይ ፈቃድ እንዲሰጥ ያደርጋል። ዛሬ የሚሠራበት መመሪያ በጁን 2017 የጸና ነው። 13 ርዕሶች አሉት። አንዱ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ሌላው የግል ጠባይ ይባላል፣ ውሸት የሚዳኘውም በዚህኛው ነው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁለቱ ርዕሶች አብረው ሲመጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወጣት፦ ለምን አብረው ይመጣሉ?

አክስት፦ ሰው ዕዳ ሲኖርበት ያፍራል፤ ሲያፍር ይደብቃል፤ ፎርም ላይ የደበቀው ደግሞ በሕግ ፊት ሐሰተኛ ቃል ይሆናል። አንተን ያስጨነቀህ ከሁለቱ የቱ ነው?

ወጣት፦ መጀመሪያ ዕዳውን ልንገርዎ። ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ያጣሁ ጊዜ የጤና መድን አልነበረኝም። ትርፍ አንጀቴ ታሞ ሆስፒታል ገባሁ። የቀረውን 3,800 ዶላር ሳልከፍል ለኮሌክሽን፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ተላለፈ። ሁለተኛው የመኪና ዕዳ ነው። የሌላዋ አክስቴ ልጅ መኪና ሲገዛ ኮሳይን አድርጌለት ነበር። መክፈል ሲያቆም ባንኩ መኪናውን ወስዶ ሸጠው፤ የጎደለው 11 ሺህ ዶላር በእኔም ስም ቀረ። ባንኩ «ቻርጅ ኦፍ» ብሎታል። እኔማ ተሰርዟል ብዬ ነበር።

አክስት፦ አልተሰረዘም። ቻርጅ ኦፍ ማለት ባንኩ ለራሱ ሒሳብ እንደ ኪሳራ መዝግቦታል ማለት ነው፤ አንተ አሁንም ባለዕዳ ነህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌላም ስሕተት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ የውል ዕዳ ሦስት ዓመት ካለፈው አበዳሪው በፍርድ ቤት ሊያስከፍልህ ይቸገራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ከክሬዲት ሪፖርት፣ ከብድር ታሪክ መዝገብህ፣ ላይ ይጠፋል። ሰዎች ይህን ሲያዩ «አለፈልኝ» ይላሉ። የክሊራንስ ዳኞች ግን ዕዳው በጊዜ ብዛት ከወረቀት መጥፋቱን እንደ መክፈል አይቆጥሩትም። እነሱ የሚያዩት ግዴታህን ለመወጣት ምን እንዳደረግህ ነው።

ወጣት፦ ይህ ድሃውን መቅጣት አይደለም ወይ? ገንዘብ ያለው ሰው ቢታመም ይከፍላል፤ የሌለው ደግሞ ታሞም ተከሶም ይቀጣል።

አክስት፦ ስሞታህ እውነት አለበት። ሥራ ማጣትና መታመም ጥፋት አይደሉም። መመሪያው ራሱ ይህን ይቀበላል። ዕዳው ከአንተ ቁጥጥር ውጪ በሆነ ምክንያት የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ሥራ በማጣት፣ በድንገተኛ ሕመም፣ በሞት፣ በፍቺ፣ በአራጣ አበዳሪ መታለል፣ በማንነት ስርቆት፣ ለአንተ ይቆጠርልሃል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ «ነገሩ ከደረሰብህ በኋላ እንደ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ሆነህ ነበር?» የሚል። ሆስፒታሉን ደውለህ አነጋግረሃል? በየወሩ 50 ዶላርም ቢሆን እከፍላለሁ ብለሃል? የክፍያ ቅናሽ ጠይቀሃል? ወይስ ፖስታውን ሳትከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥከው?

ወጣት፦ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሥራ ካገኘሁም በኋላ አልከፈትኳቸውም።

አክስት፦ እንግዲያው ዕዳው የተወለደበት ምክንያት ያግዝሃል፤ ከዚያ በኋላ ያሳለፍከው ዝምታ ይጎዳሃል። ድሃ በመሆኑ ብቻ ክሊራንስ ያጣ ሰው በእኛ ቢሮ አላጋጠመኝም። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ ደረሰኙን ያስቀመጠ ሰው ተቀባይነት ሲያገኝ አይቻለሁ። ጥሩ ደመወዝ እየበላ ግብሩን ለዓመታት ያላሳወቀ ሰው ሲከለከልም አይቻለሁ። የታክስን ነገር በተለይ አስብበት፤ ታክስ ያላሳወቀ ሰው የመንግሥትን ሕግ የሚያከብረው ሲመቸው ነው የሚል ጥርጣሬ ይወድቅበታል። ይኸኛው ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ይልቅ ይከብዳል።

ወጣት፦ ታክስ ላይ ንጹሕ ነኝ። የመኪናው ዕዳ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም፤ እኔ መኪናውን አልነዳሁም፣ አልሸጥኩም።

አክስት፦ ፊርማህ አለበት። ኮሳይን ስታደርግ «እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» ብለህ ቃል ገብተሃል። ዳኛው የቤተሰብ ነገር መሆኑን ይረዳል፤ ነገር ግን የአክስትህ ልጅ መክፈል ማቆሙን ካወቅህ በኋላ ያደረግኸውን ይጠይቅሃል። ለባንኩ ጽፈሃል? ከልጁ ጋር ተስማምታችሁ ግማሽ ግማሹን ለመክፈል ሞክራችኋል?

ወጣት፦ እሱን መጠየቅ አፈርኩ። ቤተሰብ ይቀየማል ብዬ ፈራሁ። እንዲያውም ለእናቱ ነገሩን አልነገርኩም።

አክስት፦ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕዳ ብዙ ነው። ፊርማ መንፈግ ነውር ይመስለናል፤ ሠርግ ከአቅም በላይ መደገስ ክብር ይመስለናል፤ የተበላሸ ብድርን ማንሳት ደግሞ ጠብ መፈለግ ይመስለናል። ይሉኝታችን ቤት ውስጥ ሰላም ያስጠብቅ ይሆናል፤ መርማሪው ፊት ግን የሚቀርበው የአንተ ስም ብቻ ነው። አሁን የደበቅኸውን ንገረኝ። ዕዳውን ስታነሳ ዓይንህን መለስክ፤ ሌላ ነገር አለ።

ወጣት፦ አለ። ፎርሙ በሰባት ዓመት ውስጥ ለኮሌክሽን የተላለፈ ዕዳ አለብህ ወይ ይላል። ከ120 ቀን በላይ ያሳለፍከው ክፍያ አለ ወይ ይላል። ለሁለቱም «የለም» አልኩ። እዚያው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ «የሆስፒታሉ ዕዳ ክሬዲት ሪፖርትህ ላይ ካልታየ አትጻፈው፤ ራስህን አትክሰስ» አለኝ። ሪፖርቱን አይቼ የሆስፒታሉን አጣሁት። የመኪናውን ደግሞ ተሰርዟል ብዬ ተውኩት።

አክስት፦ ጓደኛህ በክፉ አላለህም ይሆናል፤ ምክሩ ግን ገደል ይከትሃል። የጤና ዕዳ ከሪፖርት ላይ የሚወርድበት ምክንያት አለ። ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን በ2022 እና በ2023 ደንባቸውን ለውጠው የተከፈለውንና ከ500 ዶላር በታች የሆነውን የሕክምና ኮሌክሽን ማሳየት አቁመዋል። ሁሉም አበዳሪም ለሦስቱም አያሳውቅም። ፎርሙ ግን «ሪፖርትህ ላይ ምን ይታያል?» ብሎ አልጠየቀህም። የጠየቀህ ስለ ሕይወትህ ነው። መርማሪው ደግሞ ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከአሠሪህ፣ ከጎረቤትህ፣ ከራሱ ከኮሌክሽን ድርጅቱ ሊሰማ ይችላል።

ወጣት፦ መከረኝ ብዬ ብናገርስ?

አክስት፦ የጓደኛ ምክር አይቆጠርልህም። መመሪያው የሚያነሳው ጠበቃ ወይም ስለ ክሊራንስ ሂደት እንዲያማክር ሥራው የሆነ ሰው ያሳሳተውን ነው፤ ያም አመልካቹ ትክክለኛውን ሲያውቅ ወዲያው የተባበረ ከሆነ ነው። የፎርሙን መጨረሻ አንብበሃል? ፊርማህ ያረፈበት ቦታ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ በእስራት ሊያስቀጣ እንደሚችል ይናገራል፤ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ እስራቱም እስከ አምስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። አብዛኛው ሰው እስር ቤት አይገባም። ክሊራንሱን ማጣት ግን ሩቅ ነገር አይደለም።

ወጣት፦ ይግባኝ አይባልም ወይ? ለፍርድ ቤት ብከስስ?

አክስት፦ አንድ የታወቀ ፍርድ አለ፤ የክሊራንስ ጠበቃ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ቶማስ ኢገን የሚባል ሰው በዋሽንግተን ግዛት ብሬመርተን ውስጥ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች በሚታደሱበት ቦታ ተቀጥሮ ነበር። ክሊራንስ የከለከሉት ባለፈ የወንጀል ታሪኩ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የሥራ ማመልከቻው ላይ የቀድሞ ጥፋተኝነቶቹን አለመግለጹ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1988 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ማንም ሰው ለክሊራንስ መብት የለውም አለ፤ የተከለከለበትን ፍሬ ነገርም የውጭ አካል ገብቶ አይመረምርም አለ። መሥሪያ ቤቱ ከተጠራጠረ የሚወስነው በአገሪቱ ደኅንነት በኩል አዘንብሎ ነው። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ለተከሳሹ ነው፤ እዚህ ግን ጥርጣሬው በአንተ ላይ ይቆጠራል።

ወጣት፦ እንግዲያው ጠፋሁ ማለት ነው።

አክስት፦ አልጠፋህም፤ አሁን ቀን አለህ። መመሪያው አንድ በር ይከፍታል። የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ማስረጃው ፊቱ ከመቅረቡ በፊት፣ በፍጥነትና በቅንነት ራሱ ካረመው ይቆጠርለታል። ቁም ነገሩ ጊዜው ነው። መርማሪው ወረቀቱን አውጥቶ «ይህ ዕዳ ምንድን ነው?» ካለህ በኋላ ብታምን፣ የተያዘ ሰው ነህ። ሳይጠይቅህ ብትነግረው ግን ራሱን ያረመ ሰው ነህ። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ከአሥር ደቂቃ በፊትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ትርጉም ይኖረዋል።

ወጣት፦ ምን ብዬ ልጀምር? «ረስቼው ነው» ብል ይሻላል?

አክስት፦ ረስተኸው ነበር?

ወጣት፦ አይደለም።

አክስት፦ እንግዲያው አትበል። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ማረሚያውንም ያበላሸዋል። መመሪያው የሚቀጣው ሆን ተብሎ የተደረገውን ነው። ጥያቄውን ያልተረዳ፣ ዓመቱን ያሳሳተ፣ በእውነት የዘነጋ ሰው ሐሰተኛ አይባልም። ዳኞች ያንን ለመለየት የሰውዬውን ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ሌሎች የሚጎዱትን ነገሮች መጻፍ አለመጻፉን ይመለከታሉ። አንተ የኔትወርክ ባለሙያ ነህ፤ «ኮሌክሽን» ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የመኪናውን በተመለከተ «ተሰርዟል ብዬ ነበር» ማለትህ እውነት ከሆነ በለው። የሆስፒታሉን በተመለከተ ግን «አፈርኩ፣ ሥራው ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ፣ ስሕተት መሆኑን አውቄ ራሴ ላርመው መጣሁ» በል። ይህ መራራ ነው፤ እውነትም ነው።

ወጣት፦ ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቅ አለብኝ?

አክስት፦ አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ለድርጅትህ የደኅንነት ኃላፊ ደውለህ ፎርሙ ላይ የማርመው አለ በለው። በጽሑፍም ላክለት፤ ቅጂውን አስቀር። መርማሪው ሲመጣ ደግሞ ገና ጥያቄ ሳይጀምር ንገረው። ክፍያዎቹን ዛሬ ጀምር። ሆስፒታሉ በገቢ የሚቀንስበት ዕቅድ ካለው ጠይቅ። ለባንኩ ስለ 11 ሺሁ ጻፍ። ለትርፍ የማይሠራ የታወቀ የብድር አማካሪ ድርጅት ዘንድ ሄደህ በጀትህን አስተካክል፤ መመሪያው እንዲህ ያለ ምክር መቀበልን በስም ጠቅሶ ይቆጥርልሃል። እናም የአክስትህን ልጅ ጥራው።

ወጣት፦ ይህን ሁሉ አሁን ማድረጌ «ሥራ ፈልጎ ነው የከፈለው» አያሰኝም?

አክስት፦ ሊያሰኝ ይችላል። ክሊራንሱን ለመከልከል የታሰበበትን ምክንያት የሚያሳውቀው፣ የምክንያቶች ዝርዝር የሚባለው ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ የሚከፈል ገንዘብ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሰውዬው ሥራው ሲነካ ብቻ የሚነቃ ይመስላል። አንተ ደብዳቤው ገና አልደረሰህም። ዛሬ የጀመርከው ክፍያ ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ከቀጠልክበት ደግሞ የአንድ ቀን ድንጋጤ አይሆንም፤ ልማድ ይሆናል።

ወጣት፦ ያ ደብዳቤ ከመጣ ምን ይሆናል?

አክስት፦ በመከላከያ ኮንትራክተር ሥራ ከሆነ ደብዳቤው ያለህን ችግር በቁጥር ዘርዝሮ ይመጣል። ለመመለስ 20 ቀን ይሰጥሃል። እያንዳንዱን ነጥብ አምነህ ወይም ክደህ ትመልሳለህ። ከፈለግህ በዳኛ ፊት ቀርበህ ትሰማለህ፤ ካልፈለግህ በጽሑፍ ብቻ ይወሰናል። ዳኞቹ ዋና መሥሪያ ቤቱ አርሊንግተን የሆነው የመከላከያ የችሎትና የይግባኝ ቢሮ ናቸው። ውሳኔዎቻቸው የባለጉዳዩ ስም ተቆርጦ ለሕዝብ ይወጣሉ። እነዚያን ወረቀቶች ሳነብ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ገንዘብ ያለበት ጉዳይ እጅግ ብዙ ነው።

ወጣት፦ እውነቱን የተናገረ ሰው ሁልጊዜ ያልፋል?

አክስት፦ አያልፍም። ይህን ልሸፍንብህ አልችልም። ዕዳውን ሁሉ ጽፎ፣ አንድም ነገር ሳይደብቅ፣ ግን ለመክፈል ጣቱን ያላነሳ ሰው በገንዘብ ርዕስ ይከለከላል። እውነት መናገር ዕዳ አይከፍልም። ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ ፎርም ላይ የዋሸም በግል ጠባይ ርዕስ ይከለከላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የገንዘብ ችግር ሲስተካከል በደረሰኝ፣ በክፍያ ስምምነት፣ በጊዜ ይታያል። ውሸትን የሚያስተካክል ደረሰኝ የለም። ዳኛው «ከእንግዲህ እውነት ይናገራል» ብሎ ለማመን የሚይዘው ማስረጃ ምንድን ነው? የአንተ ቃል ብቻ ነው፤ የተበላሸው ደግሞ እሱ ነው።

ወጣት፦ ሰላዮቹ ላይ ልመለስ። እኔ ምስጢር የመሸጥ ሐሳብ የለኝም። 14,800 ዶላር ብሎ አገሩን የሚሸጥ ማን አለ?

አክስት፦ ስለ አንተ ሐሳብ ማንም አያውቅም፤ ለዚህ ነው የሚታየውን የሚመዝኑት። ከዕዳው መጠን ይልቅ ግን መደበቁን ፍራ። ሚስትህ የማታውቀው፣ አለቃህ የማያውቀው፣ መንግሥት የማያውቀው ዕዳ ካለብህ፣ ያንን ያወቀ ሌላ ሰው ሊያስፈራራህ ይችላል። «ካልተባበርከኝ እናገራለሁ» ይልሃል። አንተ ራስህ ቀድመህ ከነገርካቸው ግን አስፈራሪው በእጁ የሚይዘው ነገር አይኖርም። መንግሥት ከአንተ እውነት የሚጠይቀው ለግብረ ገብ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ እውነት የተናገረ ሰው በዚያ ነገር ሊጠመዘዝ ስለማይችል ነው። እኛስ በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንል የለ?

ወጣት፦ ሌላ የምጠይቅዎ አለ። ለእናቴ ደሴ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ። አዲስ አበባ አፓርታማ ለመግዛትም ቅድሚያ ክፍያ ጀምሬያለሁ። እነዚህንስ?

አክስት፦ ፎርሙ ላይ ካልጻፍካቸው ሁለቱንም በማረሚያው ጻፍ። ፎርሙ ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እናትህ የኢትዮጵያ ዜጋ ናቸው። በውጭ አገር ቤት ወይም መሬት አለህ፣ ለመግዛትስ አስበሃል ወይ ብሎም ይጠይቃል። የእኛ ሰው «ለእናት መላክ እንደ ውጭ ግንኙነት ይቆጠራል እንዴ?» ብሎ ይዘለዋል። እናት መጦር አያስጠይቅም፤ መዝለሉ ያስጠይቃል። ከወዴት ወዴት፣ ስንት፣ በምን በኩል እንደላክህ ደረሰኝ ይዘህ ቅረብ። የአፓርታማውን ውልም እንዲሁ። ዕዳ እያለብህ ቤት መግዛትህንም ይጠይቁሃል፤ መልስህን አስብበት።

ወጣት፦ እቁብስ? ባለፈው ዓመት እቁብ ደርሶኝ በጥሬው 12 ሺህ ዶላር ተቀብያለሁ።

አክስት፦ ባንክ አስገብተኸዋል?

ወጣት፦ አንድ የማውቀው ሰው በአንድ ጊዜ አታስገባ፣ ከፋፍለህ አስገባ፣ አለበለዚያ ባንኩ ለመንግሥት ይናገራል ብሎኝ ነበር። እኔ ግን በአንድ ጊዜ አስገባሁት።

አክስት፦ እግዚአብሔር አድኖሃል። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ማሳወቁ ወንጀለኛ አያደርግህም። ከሪፖርቱ ለማምለጥ ብሎ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ የላብህ ቢሆንም። እቁብ የከበረ ባህላችን ነው። ዳኛው ግን እቁብ አያውቅም። አባላቱ ስንት እንደሆኑ፣ በየወሩ ስንት እንዳዋጣህ፣ መቼ እንደደረሰህ በወረቀት ካልያዝክ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያጥርሃል። ኤምስን አስታውስ፤ ምንጩን ማስረዳት የማይቻል ገንዘብ ከዕዳ ይበልጥ ያስጠረጥራል።

ወጣት፦ ይህን ሁሉ አልፌ ክሊራንሱን ካገኘሁ በኋላ ግን ነፃ ነኝ አይደል?

አክስት፦ ድሮ በየአምስት ወይም በየአሥር ዓመቱ ነበር የሚታየው። ዛሬ ቀጣይ ክትትል የሚባል ነገር አለ፤ የመከላከያ ሚኒስቴር ክሊራንስ ያላቸውን ሠራተኞቹን በሙሉ በ2021 እዚያ ውስጥ አስገብቷል። የብድር መዝገብህ፣ የፍርድ ቤት መዝገብህ ሲለወጥ ምልክት ይደርሳቸዋል። አንተም ትልልቅ የገንዘብ ችግሮችን ራስህ የማሳወቅ ግዴታ ይኖርብሃል። እንዲያ ሲሆን እውነት የመርማሪ ቀጠሮ ቀን የሚለበስ ልብስ መሆኑ ይቀራል፤ የሥራው ክፍል ይሆናል።

ወጣት፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ምንም የሌላቸው ሰዎች ሁሉን ሲገልጹ ይመረመራሉ፤ የሚደብቁበት ዘዴ ያላቸው ያልፋሉ። ኤምስ የሐሰት መመርመሪያ ማሽኑን ሳይቀር አልፏል ይባላል።

አክስት፦ አልፏል፤ በ1986 እና በ1991። ሥርዓቱ ፍጹም አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው። ኤምስ ለዘጠኝ ዓመት ያህል አታሏቸዋል። የዚያ መጨረሻ ግን ምንድን ነው? ዕድሜ ልክ እስራት፣ የሞቱ ሰዎች፣ የፈረሰ ቤተሰብ። አንተ ግን የምትወዳደረው ከኤምስ ጋር አይደለም። የቀረበልህ ጥያቄ «ምስጢር ብሰጥህ ብቻህን ስትሆን ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። ፎርሙን ስትሞላም ብቻህን ነበርክ። ማንም አላየህም። ስለዚህ ነው ያቺ «የለም» የምትል መልስ ከ14,800 ዶላሩ ይልቅ የምትከብደው።

ወጣት፦ ብናገር፣ ብከፍል፣ ሁሉን ባደርግም ቢከለክሉኝስ?

አክስት፦ ሊከለክሉህ ይችላሉ፤ ፎርሙ ላይ የጻፍከው አለ፤ ዋስትና ልሰጥህ አልችልም። ከተከለከልክ በመከላከያ ኮንትራክተር ሥርዓት አንድ ዓመት ቆይተህ እንደገና ማመልከት ትችላለህ፤ የሚያቀርብህ ቀጣሪ ካገኘህ። ያን ጊዜ የምትቀርበው በየወሩ የከፈለበት ደረሰኝ ያለው፣ ስሕተቱንም ሳይያዝ ያረመ ሰው ሆነህ ነው። ዛሬ ዝም ብለህ ብታልፍ ደግሞ ክሊራንሱን ልታገኝ ትችላለህ። ግን በየዓመቱ፣ በየክትትሉ፣ በእያንዳንዱ አዲስ ፎርም ላይ ያንን «የለም» እየደገምክ ትኖራለህ። በተደገመ ቁጥር ቅጣቱ ያድጋል፤ የሚያውቀው ጓደኛህም አብሮህ አለ።

ወጣት፦ ነገ ጠዋት ለደኅንነት ኃላፊው እደውላለሁ። የአክስቴን ልጅስ እርስዎ ቢያነጋግሩልኝ?

አክስት፦ አላነጋግርልህም። አብሬህ እቀመጣለሁ፤ ንግግሩ ግን የአንተ ነው። ከእሱ ጋር ስለ 11 ሺህ ዶላር ፊት ለፊት መነጋገር ካቃተህ፣ ከማታውቀው መርማሪ ጋር መነጋገር ይብስ ይከብድሃል። ለታናናሾችህም አንድ ነገር አስተምር። ፊርማ ሲጠየቁ «ካልከፈለ እኔ እከፍለዋለሁን?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ፤ መልሱ አይደለም ከሆነ አይፈርሙ። ዕዳ ሲመጣባቸው ደግሞ በመጀመሪያው ወር ይናገሩ፤ ለአበዳሪው፣ ለቤተሰብ፣ ጊዜው ሲደርስም ለመርማሪው። በእኛ ቤት ስለ ዕዳ መናገር ነውር ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ የተማሩ ልጆቻችን በዕዳቸው ብዛት ሳይሆን በዝምታቸው ሥራ ማጣታቸውን ይቀጥላሉ።